በር ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ማን ያንብብልን? በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ላሉ አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶችና እድሮች ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የደብር አስተዳዳሪዎች፣ ፓስተሮች፣ ኢማሞች፣ የእድር ሰብሳቢዎችና የማኅበር መሪዎች፤

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ስለ ቤት ኪራይ ነው። ስለ ኪራይ መወደድ ግን አይደለም። ኪራያቸውን በየወሩ ሳያጓድሉ እየከፈሉ ቤታቸውን ስለሚያጡ ወገኖቻችን ነው።

የኪራይ ገንዘብ ያጠረው ሰው ቢያንስ መሄጃውን ያውቃል። ይበደራል፣ ዘመድ ያስቸግራል፣ እናንተም ጋ ይመጣል። እናንተም ታዋጡለታላችሁ፤ ስታዋጡ በዓይኔ አይቻለሁ። "ውል ጥሰሃል፣ አስተካክል ወይም ልቀቅ" የሚል ወረቀት የደረሰው ሰው ግን ዝም ይላል። አንዳንዱ ያፍራል። አንዳንዱ ደግሞ ወረቀቱን ከፒዛ ማስታወቂያ ጋር አንድ ላይ ይጥለዋል። ብዙው "ኪራዬን እስከከፈልኩ ድረስ ማን አባቱ ያስወጣኛል?" ይላል። ይህን አባባል ያልሰማሁበት ቤት የለም። ግማሹ እውነት ነው። ሰውን የሚያዘናጋውም ያ ግማሽ ነው።

እውነቱን ላስቀድም። በዋሽንግተን ዲሲ ሕግ፣ ኪራዩን የሚከፍል ተከራይ የሊዙ (የኪራይ ውሉ) ጊዜ ስላለቀ ብቻ ከቤቱ አይወጣም። ተከራይ የሚወጣባቸው ምክንያቶች በሕጉ አንድ በአንድ ተዘርዝረዋል። አከራዩ ቤቱን ራሱ ሊኖርበት ከፈለገ የ90 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ሊያፈርሰው ከሆነ 180 ቀን። ይሄ ሁሉ ለተከራይ ጠንካራ ከለላ ነው።

ከዝርዝሩ ውስጥ ግን አንዱ ምክንያት የውል ግዴታን መጣስ ነው። ይሄኛው ከኪራይ ጋር አይገናኝም። ያልተመዘገበ ሰው ቤት ውስጥ ማኖር፣ ድምፅ ማብዛት፣ ያለፈቃድ ውሻ ወይም ድመት ማስገባት፣ ቤቱን ለሌላ ሰው ማከራየት፣ የጥገና ሠራተኛ አላስገባም ማለት፣ መውጫውን በዕቃ መዝጋት፣ የጭስ ማስጠንቀቂያውን መሸፈን፤ እነዚህ ሁሉ ጣጣ ያመጣሉ። አከራዩ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ተከራዩ 30 ቀን አለው። በነዚያ ቀናት ውስጥ ጥፋቱን ካስተካከለ፣ በዚያ ወረቀት የተነሳ ቤቱን አያጣም። ካላስተካከለ አከራዩ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል።

እንግዲህ አጥብቄ ልነግራችሁ የምፈልገው ይህን ነው። ወረቀቱ ውጣ የሚል ፍርድ አይደለም። የማስተካከያ ጊዜ ነው። ያ ጊዜ ደግሞ ወረቀቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ይቆጠራል፤ ሰውየው የሚያነብለት እስኪያገኝ ቆሞ አይጠብቅም።

አንዲት እህታችን የመጀመሪያ ልጇን በወለደች ጊዜ እናቷ አራስ ሊጠይቁ ከጎንደር መጡ። ቪዛቸው ስድስት ወር ያስቆያል። የሊዙ አንቀጽ ደግሞ ከ14 ቀን በላይ የሚያድር እንግዳ የማኔጅመንት (የሕንጻው አስተዳደር) ፈቃድ ያስፈልገዋል ይላል። ሊዙን ስትፈርም ይህን አንቀጽ ማን አነበበው? እናትየው በየጠዋቱ ነጠላቸውን ለብሰው ሕፃኑን በጋሪ ይዘው በሊዚንግ ቢሮው ፊት ያልፋሉ። ያያቸው ሁሉ ሰላም ይላቸዋል። በሦስተኛው ወር በሩ ላይ ወረቀት ተለጠፈ፦ "ያልተፈቀደ ነዋሪ"።

ልጅቷ እንግሊዝኛ ትችላለች፤ ሥራዋንም የምትሠራው በእንግሊዝኛ ነው። ከወረቀቱ ላይ ግን ዓይኗ የገባው "ልቀቅ" የሚለው ቃልና "30 ቀን" ብቻ ነበር። አራስ ናት፤ እንቅልፍ የላትም። እናቷን ለሳምንት ዘመድ ቤት ደበቀቻቸው። ከዚያ ካርቶን ገዝታ ዕቃ ማሰር ጀመረች። ሊዙን አቋርጣ ብትወጣ ደግሞ ዲፖዚቷን ልታጣ ትችላለች፤ የቀሪዎቹንም ወራት ኪራይ ሊጠይቋት ይችላሉ።

መፍትሔው የአንድ ገጽ ደብዳቤ ሆነ። የእናቷን ስም፣ የገቡበትን ቀን፣ የመመለሻ ቲኬታቸውን ኮፒ አያይዛ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ በእንግድነት እንዲፈቀድላቸው ጠየቀች። ማኔጅመንቱ በኢሜይል ፈቀደ። አለቀ። እናትየውም የልጅ ልጃቸውን ክርስትና አስነስተው በቀናቸው ተመለሱ።

ሁሉም እንዲህ በቀላሉ አያልቅም። ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ የሚኖር አንድ ወንድማችን ጭስ ማስጠንቀቂያውን በፌስታል ሸፍኖ ተገኘ። ምክንያቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቡና ሲቆላ ይጮኻል፣ እጣን ሲጨስ ይጮኻል፣ ሽንኩርት ሲቁላላ ይጮኻል። ለኢንስፔክሽን የመጣው ሰው ፎቶ አነሳው። ወረቀት መጣ። ወንድማችን ፌስታሉን አነሳና ነገሩ በዚያ አለፈ። ከጥቂት ወራት በኋላ ለበዓል ቡና ሲፈላ መልሶ ሸፈነው። ሁለተኛው ወረቀት ግን "አስተካክል" አይልም ነበር። ቀን ቆርጦ ልቀቅ ነው የሚለው።

የቨርጂኒያ ሕግ እንዲህ ነው የሚሠራው። ለመጀመሪያው ጥፋት አከራዩ የሚሰጠው ወረቀት ተከራዩ በ21 ቀን ውስጥ ካላስተካከለ ውሉ ቢያንስ ከ30 ቀን በኋላ ይቋረጣል ይላል። በ21 ቀን ካስተካከለ ውሉ ይቀጥላል። ያንኑ ዓይነት ጥፋት ሆን ብሎ ከደገመ ግን አከራዩ ሌላ የማስተካከያ ዕድል የመስጠት ግዴታ የለበትም፤ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይበቃል። ወንድማችን ይህን የሚነግረው ሰው ቢያገኝ ኖሮ ቡናውን መስኮት ከፍቶ፣ ማራገቢያ አብርቶ ይቆላ ነበር። የጭስ ማስጠንቀቂያውን ነገር ደግሞ ለራሳችን ብለን እንጠንቀቅ። እሳት ቢነሳ ልጆቻችን የተኙት እዚያው ቤት ውስጥ ነው።

ወንዝ ተሻግረን ሜሪላንድ ስንገባ ነገሩ ሌላ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግና ታኮማ ፓርክ ስንቶቻችን እንደምንኖር ታውቃላችሁ። እዚያም ለውል ጥሰት የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ የ30 ቀን ነው። ተከራዩ በራሱ ወይም በሌላ ሰው ላይ ከባድ አደጋ ሊያደርስ ነው ከተባለ 14 ቀን ይሆናል። ጉዳዩ ዳኛ ፊት ሲቀርብ አከራዩ ጥሰት መኖሩን ማሳየቱ ብቻ አይበቃውም። ጥሰቱ ከባድና ከቤት ለማስወጣት የሚያበቃ መሆኑን ዳኛው ማመን አለበት። ስለዚህ ሜሪላንድ ላይ ጥፋትን ቶሎ አርሞ ማስረጃ ይዞ መቅረብ ትልቅ ዋጋ አለው። በ2021 የወጣ የሜሪላንድ ሕግ ደግሞ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ተከራይ ከቤት የማስወጣት ክስ ሲመጣበት ነጻ ጠበቃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። ይህን መብት የሚያውቅ ሰው በመካከላችን ብዙ አይደለም። ያሳዝነኛል።

በሜሪላንድም በቨርጂኒያም ግን የሊዙ ጊዜ ሲያልቅ አከራዩ በቂ ማስታወቂያ ሰጥቶ "አላድስም" ሊል ይችላል። የዲሲው ዓይነት ከለላ እዚያ የለም። አንድ ሰው ከዲሲ በጆርጂያ አቬኑ ላይ ትንሽ ወደ ሰሜን ሲዛወር፣ ጎረቤቱም ገበያውም ያው ሆኖ ሕጉ ብቻ ይለወጥበታል። ከዲሲ ጓደኛ የሰማውን ይዞ ሜሪላንድ ውስጥ የሚከራከር ሰው ብዙ አይቻለሁ።

አሁን ደግሞ ስለ አዛውንቶቻችን። ይህንን ስጽፍ ሆዴ ይባባል። አባትና እናቶቻችን ዕቃ አይጥሉም። አገር ቤት ለሚልኩት ሲሉ ያጠራቅማሉ። ሻንጣ በሻንጣ ላይ፣ ካርቶን በካርቶን ላይ። ጫማ፣ ብርድ ልብስ፣ የልጆች ልብስ፣ አሁን ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሲገኝ የሚላክ መድኃኒት። አንድ የማውቃቸው እናት መኝታ ቤታቸው በር ሙሉ በሙሉ አይከፈትም፤ በጎን ነው የሚገቡት። ይህ በኢንስፔክተር ዓይን የእሳት አደጋ ነው፣ የትኋንና የበረሮ መደበቂያ ነው። ወረቀት ይመጣል። እናታችን ደግሞ ጉልበታቸው አያነሳም፤ ለልጅ መንገርም ያፍራሉ። 30 ቀኑ እንዲሁ ያልቃል።

ይሄ አንድ ቅዳሜ አራት አምስት ጎረምሶች የሚጨርሱት ሥራ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች አሉን። የመስጊድ ወጣቶች አሉን። ሠርግ ሲሆን ድንኳን የሚተክሉ፣ ለቅሶ ሲሆን ወንበር የሚደረድሩ ልጆች ናቸው። በሕመም ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት በተባለው ቀን መጨረስ ያልቻለ ሰው ደግሞ በፌዴራሉ የፍትሐዊ መኖሪያ ቤት ሕግ መሠረት ተጨማሪ ጊዜ በጽሑፍ የመጠየቅ መብት አለው። የሐኪም ደብዳቤ ቢያያዝበት ይጠናከራል።

ቤት ስላላችሁና ቤዝመንታችሁን ስለምታከራዩ ወገኖችም ሳልናገር አላልፍም። እናንተም በየእድሩ፣ በየጉባኤው አላችሁ። ተከራያችሁ ብዙ ጊዜ ከአገር ቤት ገና የመጣ ልጅ ነው። ውል የለም፣ ደረሰኝ የለም፣ "የኛው ልጅ ነው" ተብሎ ገባ። ከዚያ አንድ ቀን ማታ ጓደኛ አመጣ ወይም ወጥ ቤቱን ሳያጸዳ ተኛ ተብሎ "እስከ ወሩ መጨረሻ ልቀቅልኝ" በስልክ ይነገረዋል። አንዳንዱ ቁልፍ ይቀይራል። አንዳንዱ ሻንጣውን ደጅ ያወጣል።

ይህ ሕገ ወጥ ነው። በቃል የተደረገ ኪራይም ኪራይ ነው። በዲሲ ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ጥፋቱ ምን እንደሆነ በዝርዝር መግለጽ አለበት፤ ኮፒውም ለከተማው የኪራይ አስተዳዳሪ መድረስ አለበት። ቤዝመንት የሚያከራይ ሰው ራሱ ፈቃድ ማውጣትና መመዝገብ ግዴታው ነው። ሰውን ከቤት በኃይል ማስወጣት የሚችለው ደግሞ ፍርድ ቤት ያዘዘው ሹም ብቻ ነው፤ በዲሲ የፌዴራሉ ማርሻሎች፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ሸሪፉ። አከራይ በራሱ እጅ ቁልፍ መቀየር አይችልም፤ ተከራዩ ጥፋተኛ ቢሆን እንኳን። በሽማግሌ ልንጨርሰው ስንችል ልጁን በክረምት ደጅ ላይ ጥለን ነገ ቤተ ክርስቲያን ወይም ጁምዓ ላይ አብረን መቆም የለብንም። እባካችሁ ይህን በየመድረካችሁ በግልጽ ተናገሩልን።

ስለ ፍርድ ቤት አንድ ነገር ልጨምር። የዲሲ የበላይ ፍርድ ቤት በሚልከው የፍትሐ ብሔር መጥሪያ ግርጌ ላይ አንዲት መስመር አማርኛ አለች፤ ትርጉም ለማግኘት በዚህ ቁጥር ደውሉ የምትል። ጥሩ ነው፤ ፍርድ ቤቱም በነጻ አስተርጓሚ ያቀርባል። ችግሩ ግን መጥሪያው የሚመጣው የማስተካከያው ቀን ካለፈ በኋላ ነው። እና ያኔም ቢሆን የሚቀር ሰው አለ። "ጥፋት የለብኝም፣ ለምን ፍርድ ቤት እቆማለሁ?" ብሎ ይቀራል። ያልቀረበ ሰው በሌለበት ይፈረድበታል። የቀረበ ሰው ግን ብዙ የሚለው ነገር ሊኖረው ይችላል፦ ወረቀቱ ጥፋቱን በግልጽ አልነገረኝም፣ በጊዜው አስተካክያለሁ፣ ወይም ይሄ ብቀላ ነው። በዲሲ ተከራይ ስለ ቤቱ ብልሽት ለመንግሥት ካመለከተ በኋላ በስድስት ወር ውስጥ አከራዩ ሊያስወጣው ከተነሳ፣ ሕጉ ነገሩን መጀመሪያውኑ በብቀላ ዓይን ያየዋል። አከራዩ ነው ብቀላ አለመሆኑን ማስረዳት ያለበት።

ከሁሉ በላይ የምፈራው ግን ፍርድ ቤቱን አይደለም። ሊዚንግ ቢሮ ውስጥ በፈገግታ የሚቀርበውን ወረቀት ነው። "ክስ ከሚመጣብህ እዚህ ጋ ፈርምና በሰላም ውጣ" ይባላል። አንዳንዴ ትንሽ ገንዘብም ይጨመርበታል። የፈረመ ሰው በገዛ ፈቃዱ ቤቱን ለመልቀቅ ተስማማ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ጠበቃም የሚያደርግለት ነገር ጥቂት ነው። መስማማት የሚጠቅምበት ጊዜ አለ፤ አልክድም። ግን ሳይነበብ አይፈረምም። ቫውቸር (የመንግሥት የኪራይ ድጎማ) ያላቸው ሰዎች ደግሞ እጥፍ ይጠንቀቁ። ማስወጫ ወረቀቱ ለቤቶች ባለሥልጣኑም ይደርሳል፤ በከባድ የውል ጥሰት ቤቱ ብቻ ሳይሆን ቫውቸሩም ሊሄድ ይችላል።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። ቢሮ ክፈቱ፣ ጠበቃ ቅጠሩ አልልም። ከቅዳሴ፣ ከአምልኮ ወይም ከጁምዓ በኋላ ሻይ በሚጠጣበት አዳራሽ ጥግ አንድ ጠረጴዛ አስቀምጡ። እንግሊዝኛ የሚያነብ፣ ምስጢር የሚጠብቅ አንድ ሰው ይቀመጥበት። ምስጢር የሚጠብቅ ያልኩት በምክንያት ነው፤ ሰው ወረቀቱን የሚደብቀው ወሬው እንዳይወጣበት ፈርቶ ነው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የወላጆቹን የማስወጫ ወረቀት ማንበብ የለበትም። አሁን ግን በብዙ ቤት አንባቢው እሱ ነው።

ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጠው ሰው የሕግ ምክር አይስጥ። ወረቀቱን ያንብብ። የደረሰበትን ቀን በእስክሪብቶ ከላይ ይጻፍበት፤ በእጅ ነው የተሰጠው ወይስ በር ላይ ነው የተለጠፈው ብሎ ይጠይቅ። የመጨረሻውን ቀን ቆጥሮ በካሌንደር ላይ ያክብብ። ቤቱ ዲሲ ነው፣ ሜሪላንድ ነው፣ ቨርጂኒያ ነው ብሎ ይለይ። ጥፋቱ እውነት ከሆነ እንዴት እንደሚታረም ያነጋግር፤ ሲታረም ፎቶ ይነሳ፣ ለማኔጅመንቱ በኢሜይል ይላክ፣ ኮፒው ይቀመጥ። በቃል "ነገርኳቸው" ማለት አይረዳም። ጥፋቱ እውነት ካልሆነም "አልፈጸምኩም" የሚል መልስ በጽሑፍ ይሂድ። ኪራዩን ደግሞ ተናድዶ እንዳያቆም ይንገረው፤ ኪራይ ያቆመ ሰው ሁለተኛ ክስ በራሱ ላይ ይጨምራል።

ከዚያ በዚያው ሳምንት ወደ ነጻ የሕግ ድጋፍ ይምራው። ዲሲ ውስጥ የተከራዮች ተሟጋች ቢሮ የሚባል የከተማው መሥሪያ ቤት አለ፤ ሥራው ይሄው ነው። ሌጋል ኤይድ አለ፣ ብሬድ ፎር ዘ ሲቲ አለ። በከተማው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት አማርኛ ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ ስለሆነ የከተማው ቢሮዎች አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው። "አማርኛ" ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው የሚፈልገው። የማይጠይቅ ሰው ግን በጎደለ እንግሊዝኛው ጉዳዩን አበላሽቶ ይወጣል።

ለእድሮች አንድ የተለየ ጥያቄ አለኝ። መተዳደሪያ ደንባችሁ ለሞትና ለሕመም ነው የተጻፈው። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ "አባል ከቤቱ የመውጣት ማስጠንቀቂያ ሲደርሰው" የሚል አንድ አንቀጽ እንዲታይ አጀንዳ አስይዙ። ገንዘብ መሆን የለበትም። ዕቃ የሚያነሳ ሰው፣ ለሁለት ሳምንት ዕቃ የሚቀመጥበት ጋራዥ፣ ፍርድ ቤት የሚያደርስ መኪና፣ አዛውንት ከሆነ አብሮ የሚቆም ሰው። እነዚህ ሁሉ በየእድሩ አሉ፤ አሁን የሚወጡት ለቀብር ብቻ ነው።

ዓውደ ምሕረት ላይ ወይም ከኹጥባ በኋላ የሚነገረው ማስታወቂያ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፦ "በርዎ ላይ ወይም በፖስታ ሳጥንዎ ከአከራይ ወረቀት ከደረሰዎት በዚያው ሳምንት ይዘው ይምጡ። ሳያነብቡ አይፈርሙ፣ ሳይጠይቁ አይውጡ።" በወር አንድ ጊዜ ቢነገር ይበቃል። ከበዓል ማግስት ባለው ሳምንት ቢደገም ደግሞ መልካም ነው፤ እንግዳ የሚበዛበት፣ ድምፅ የሚበዛበት፣ ጭስ የሚበዛበት ያኔ ነውና ወረቀቱም ያኔ ነው የሚበዛው።

ጠረጴዛ ለሚያስቀምጥ ማንኛውም ቤት የሦስቱን አካባቢ ሕግ የያዘ አንድ ገጽ በአማርኛ አዘጋጅቼ ለመስጠት ዝግጁ ነኝ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታትም ቅዳሜና እሑድ መጥቼ አብሬ እቀመጣለሁ። ጠበቃ እንዲያየው ከማድረጌ በፊት ግን ወረቀቱ እንዳይባዛ አደራ እላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የእናንተው ወገን፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ